በዜማ የጠፉ ቁጥሮች

የተያዝኩት አንዲት ሴት ደጃፍ ላይ ቆሜ «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ስንት ሰው አደረ?» ብዬ ስጠይቅ ነው። የሴትዮዋ ዓይን በትከሻዬ ላይ አልፎ ሌላ ነገር ያያል። ዞር ስል ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ እና አንድ ባንዳ ከማሽላው ውስጥ ወጥተው ቆመዋል። ባንዳው የዚያው አገር ሰው ነበር። ጥያቄዬን ሰምቶ ኖሮ ፊቱ በደስታ በርቶ «እስቲ ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። የሚደበቅ ጥያቄ አልመሰለኝም ነበር።

በዚያ ዘመን በመተማ ቆላ ከዚህ የከፋ ጥያቄ እንደማይጠየቅ የገባኝ እጄ ከታሰረ በኋላ ነው። ጣሊያን በየመንደሩ እየዞረ የሚያነፈንፈው አንድ ነገር ነበር፤ ሌሊት ከቤቱ የማያድር ወንድ ማን ነው? ከቤቱ ያላደረ ወንድ ጫካ ነው፣ ጫካ ያለ ደግሞ አርበኛ ነው። እኔ ማንም ሳይልከኝ በገዛ እግሬ ክረምቱን ሙሉ ይህንኑ ስቆጥር ከርሜያለሁ። የማስበው ስለ ወባ ነበር። ይህን ግን ለማን ታስረዳለህ?

ከወረራው በፊት ምስር፣ ግብፅ አገር፣ ሄጄ ሒሳብ ተምሬያለሁ። እዚያ ሳለሁ ወባ በሰውና በትንኝ መካከል እንዴት እንደምትመላለስ በቀመር የሚያስረዳ ጽሑፍ እጄ ገባ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ትንኟ የታመመውን ትነክሳለች፣ ቆይታ ጤነኛውን ትነክሳለች። በአንድ ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ከነሱ ስንቱ እንደታመመና ትንኙ ምን ያህል እንደሆነ ካወቅህ በሽታው ይስፋፋ ወይም ይክሰም እንደሆነ አስቀድመህ ማስላት ትችላለህ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ትንኝን ጨርሶ ማጥፋት አያስፈልግም ማለቱ ነው። ቁጥሯ ከአንድ ልክ በታች ከወረደ ንዳዱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ያን ልክ ለመተማ ቆላ አገኝለታለሁ ብዬ ተነሳሁ። ስመለስ አገሩ ተወርሮ፣ ይሰጥሃል የተባልኩት ሥራም የለም፤ ቀመሩ ግን በእጄ ነበር። የጎደለኝ ቁጥር ብቻ ነው።

ማደርን መቁጠር እንዳለብኝ ያስተማረኝ የአገሩ ልማድ ነው። በአርማጭሆ ዳገት ያለው ደገኛ ቆላ ወርዶ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያርም ይውልና ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬውን እየነዳ ሽቅብ ይወጣል። ቆላ መዋል አያስፈራውም፣ ማደር ግን ንዳድ ያስይዛል ብሎ ያስፈራዋል። ይህን ሳይ «እንግዲያው ማን ዋለ ሳይሆን ማን አደረ ነው መጠየቅ ያለበት» አልኩ። ትክክል ነበርኩ። እስከ ዛሬም ትክክል ነኝ። ትክክል መሆን እንደዚያ ጊዜ አስቀይሞኝ አያውቅም።

ያገኘሁትን ሁሉ በቃሌ ነበር የያዝኩት። ወረቀት የያዘ መንገደኛ ጣሊያንም ይፈትሸዋል፣ አርበኛም ይጠረጥረዋል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ በቃል መያዝ አያስቸግረኝም። የእያንዳንዱን መንደር ቤቶች በተራ አሰልፌ፣ ያደረውንና የታመመውን ቁጥር አስከትዬ፣ ድሮ ትምህርቴን ባጠናሁበት ዜማ እያዜምኩ እይዘዋለሁ። ዜማው አንዴ ከገባ አይወጣም። ከእንቅልፍህ ቀስቅሰው ቢጠይቁህ እንኳ ትወጣዋለህ።

መተማ ያስገቡኝ ሰሊጥ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። ግንቡ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ከመሬቱ የቆየ የሰሊጥ ቅባት እየሸተተ ይነሳል፤ ላብህም ራሱ ዘይት ዘይት ይላል። በኋለኛው ግንብ ሥር ድመት የማታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች። በሆዴ ተኝቼ በሷ ሳይ ከግንቡ ወዲያ የካምፑ በቅሎዎች የሚጠጡበት ጉድጓድ በዝናብ ሞልቶ ኩሬ ሆኗል። በውሃው ፊት ላይ የትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። ክረምቱን ሙሉ ስፈልገው የነበረ ነገር ክንድ በማትሞላ ርቀት ተቀምጦልኛል።

ጠባቂውን አስካሪ ጠራሁት። እሱም ከንዳድ ገና ያገገመ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ነበር።

«ያንን ኩሬ አፈር ድፉበት» አልኩት።

«ለምን?»

«ንዳዱ ከዚያ ነው የሚመጣው። እናንተንም የሚጨርሳችሁ እሱ ነው።»

«በቅሎዎቹስ ምን ይጠጡ?»

«ጓንግ ወንዝ ወርደው ይጠጡ።»

«ጓንግ ሩቅ ነው» አለ።

«አካፋ ስጡንና እኛው እንድፈነው።»

ጭንቅላቱን ነቅንቆ ሄደ። ለአለቃው ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም። በማግስቱ ግን እግሬ ላይ ሰንሰለት ጨመሩልኝ። አካፋ የጠየቀ እስረኛ ግንብ ሊሰረስር ነው ማለት ነዋ። በሕይወቴ ብዙ ሰው የጥናቴን ውጤት አልቀበልም ብሎኛል፣ በሰንሰለት የመለሰልኝ ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው።

በመጋዘኑ ብዙ ሰው ገብቶ ብዙ ሰው ወጥቷል። ከእኔ ጋር የሰነበቱት ሁለት ናቸው። አንደኛው የመተማ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ከሱዳን በሚያስገባው ስኳር ውስጥ ጥይት ደብቀሃል ተብሎ የተያዘ፣ ሳቅ የማይርቀው ጎልማሳ። ሁለተኛው ከሳንጃ ከተማ ወዲህ ካለ መንደር የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጠመንጃዎን ያስረክቡ ሲባሉ «ጠመንጃ የለኝም» አሉ። ይህን ያሉት ጠመንጃቸውን ያየ ሰው ፊት ነበር።

በምን እንደተያዝኩ ስነግራቸው ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምስር ድረስ ሄደህ የቢንቢ ነገር ነው የተማርከው?»

«ሒሳብ ነው አባቴ።»

«የማን ሒሳብ?»

«እ... የቢንቢዋ።»

ነጋዴው ከት ብሎ ሳቀ። «ወላሂ፣ እኛ አገር ሰውን የምትቆጥር እሷ ናት እንጂ እሷን የሚቆጥር አላየሁም!»

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። መንደራቸውን ጠቅሰው እዚያም ደርሼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደርሻለሁ አልኳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ሁለት ትልልቅ ዋርካ ያለበት ግቢ? እዚያም ገብቻለሁ። ዜማውን በሆዴ አነሳሁና ወደ ቤታቸው ስደርስ ቆምኩ።

ቁጥሩን ነገርኳቸው፤ «ያደሩት ሁሉ ሴቶች ናቸው። የታመመ የለም።»

«ወንድ አልነበረም?»

«አልነበረም አባቴ።»

እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ። እኔ ያን መንደር ከመቁጠሬ በፊት ተይዘው እስር ቤት ሲገቡ ልጃቸውን ከቤት ጥለውት ነበር፤ ይፈሩ የነበረው ልጁ ፈርቶ ለጣሊያን እንዳይገባ ነው። «ተመስገን። እንግዲያው ጫካ ወጥቷል» አሉ። እኔ ለወባ ብዬ የያዝኩት ቁጥር ለአባትየው የልጃቸውን ወሬ ነገራቸው። ነጋዴውም ሳቁን አቆመ። ሦስታችንም እኩል የገባን ይመስለኛል፤ እኔ ዘንድ ያለው የመንደሮቹ ሁሉ ወሬ ነው።

ሰንበትበት ብሎ ሽማግሌውን ንዳድ ያዛቸው። ቀትር ላይ እኛ በሙቀት ልንቀልጥ ስንደርስ እሳቸው ጥርሳቸው እየተፋጨ ይንቀጠቀጣሉ። የሰሊጥ ጆንያ እየደራረብን እናለብሳቸዋለን፣ ነጋዴውም እላያቸው ላይ ይተኛባቸዋል። ከዚያ ትኩሳቱ ይነሳና ጆንያውን ሁሉ ይወረውሩታል፣ ከዚያ ላብ ይሆናሉ። አንድ ቀን አሳርፎ እንደገና ይመጣል። በጽሑፍ ያነበብኩት ነገር በትክክል ከፊቴ ሲካሄድ እያየሁ ምንም ላደርግ አልቻልኩም። የማውቀው ሁሉ ቀጥሎ የሚሆነውን ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን የካምፑ አዛዥ የሆነው ጣሊያናዊ ካፒቴን ዘንድ ወሰዱኝ። ቢሮው ከድንኳኑ አጠገብ የተሠራ፣ ራኩባ የሚሉት ዳስ ነው፤ ጣሪያው የማሽላ አገዳ። ካፒቴኑ ወፍራም ካፖርት ለብሶ በላብ ተነክሯል። እሱም ታሟል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠርሙስ ሙሉ የንዳድ ኪኒን ነበር። ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አልቻለም።

አስተርጓሚው ረጋ ያለ ወጣት ነው። «ማን ላከህ ይላል። እንግሊዞች ናቸው?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ሐኪም ነህ?»

«የሒሳብ ሰው ነኝ።»

ካፒቴኑ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው እስኪጨርስ ጠብቆ፣ ወደ መሬት እያየ፣ አሳጥሮ ነገረኝ። «የየቤቱን አዳሪ ቁጥር እንደምታውቅ ደርሰንበታል ይላል። መንደር በመንደር፣ ቤት በቤት ትናገራለህ። ያኔ ያ ጠርሙስ ያንተ ነው። ለእስር ቤቱ ሁሉ ይበቃል። ሽማግሌው እንደታመመም ያውቃል።»

«ከኪኒኑ በፊት ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ኩሬ ይደፈን በለው» አልኩ። «እሱም የታመመው ከዚያ ነው። ቁጥሬን ለዚህ ልስጠው። ስንት ሰው እንደታመመ፣ ኩሬው ቢደፈን ስንት እንደሚተርፍ አስልቼ ልንገረው።»

ተረጎመለት። ካፒቴኑ እጁን አወናጨፈ። «የታመመውን አልጠየቅኩህም፣ ያደረውን ነው ይላል።»

ላስብበት አልኩ። እውነቱን ለመናገር አሰብኩበት። ወደ መጋዘኑ እስክመለስ ያሰብኩት ሌላ ምንም አልነበረም። ልቤ ጠርሙሱ ላይ ቀርቷል።

ለሁለቱ ነገርኳቸው። ምንም አልደበቅኩም። ሽማግሌው የዚያን ቀን ትኩሳቱ አርፎላቸው ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር።

«ስንት መንደር ይዘሃል?» አሉኝ።

«ብዙ ነው አባቴ። ክረምቱን ሙሉ ስዞር ነው የከረምኩት።»

«ኪኒኑስ ለስንት ሰው ይሆናል?»

«ለእርስዎ ይሆናል።»

«ለኔ!» አሉ። «እኔን አድነህ ልጄን ከነጓደኞቹ ልታስለቅም? አስበኸው ነው የምትናገረው?»

«እሰጠዋለሁ እኮ አላልኩም... አልሰጠውም» አልኩ ተደነባብሬ። «ዝም እላለሁ።»

ነጋዴው ጢሙን እያሻሸ ነበር። «ወንድሜ፣ ዝም ትላለህ። ቢገርፉህስ?»

ሰው ሲገረፍ ምን እንደሚል አስቀድሞ የሚነግር ቀመር የለም። በዜማ የያዝከው ነገር ደግሞ ጫፉን ከያዙት ተከትሎ ይመጣል፤ እኔ ባልፈልግ እንኳ አፌ ይወጣዋል።

«እንግዲያው አጥፋው» አሉ ሽማግሌው።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን ነዋ። እንዳስገባኸው አውጣው። ስታጠና ሲሳሳትብህ መምህርህ ምን ይሉህ ነበር?»

«የተሳሳተ ዜማ አንዴ ከለመደ አይነቀልም ይሉኝ ነበር።»

«እሱን ነው የምልህ። ተሳሳት።»

ተናደድኩ። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም፤ በሽማግሌው ተናደድኩ። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ረግጬ፣ ጓንግ ሞልቶ ሊወስደኝ ሲል ተርፌ፣ ውሻ ነክሶኝ፣ ራሴም ሁለት ጊዜ በንዳድ ወድቄ ያመጣሁት ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር የሰበሰበ ሌላ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ይጠቅማል! አንድ ቀን ሰላም ሲሆን ያ ቁጥር ከዚያ ቀመር ጋር ሲገጥም የዚያን አገር ንዳድ ያጠፋል ብዬ አምን ነበር። እሳቸው ራሳቸው የሚሞቱበትን ንዳድ! ይህን ሁሉ ጮኼ ተናገርኩ። ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«መልካም ነገር ነው» አሉ። «ግን ዛሬ በማን እጅ ነው የሚወድቀው?»

በማግስቱ ማጥፋት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላሉን መንገድ ነው። ቁጥሮቹን ሳልነካ ቦታቸውን ላቀያይር አሰብኩ። እያዜምኩ ሳቀያይር ሽማግሌው አስቆሙኝ።

«የኔን ቤት ቁጥር የት አደረስከው?»

«ከወንዙ ማዶ ላለው ቤት ሰጠሁት።»

«እንዴ! የልጄን ዕዳ ለሰው ልጅ ታሸክማለህ? የዚያ ቤት ወንዶች እቤታቸው ናቸው። ነገ ሄደው ወንዶችሽ የት ናቸው ብለው እናታቸውን ይገርፏታል። አጥፋው አልኩህ እንጂ አሻግረው አልኩህ?»

እውነት ነበራቸው። ስለዚህ ጨርሶ እንዲጠፋ ማድረግ ነበረብን። ቀን ቀን፣ ጠባቂው ጥላ ፍለጋ ዞር ሲል፣ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መንደሩን በዜማ እጀምራለሁ። ቁጥሩ ጋ ስደርስ ነጋዴው ወይም ሽማግሌው የመጣላቸውን ቁጥር ይወረውሩልኛል፤ እሱን ተቀብዬ አዜማለሁ። በማግስቱ ያንኑ መንደር በሌላ ቁጥር። በሠልስቱ በሌላ። አንዱም ሥር እንዳይሰድ ነው። ነጋዴው ገበያ ላይ የሚጫረት ይመስል «አራት! የለም፣ ስድስት ይሁን፣ ስድስት ያምርበታል» ይላል። ሽማግሌው ትኩሳቱ ሲነሳባቸው እንኳ ጆንያ ውስጥ ሆነው በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «ሦስት» ይሉኛል።

መጀመሪያ እውነተኛው አሸነፈ። ስድስት ልል አፌን ስከፍት እሱ ይወጣል። ስንት ጊዜ ግንቡን በቡጢ እንደመታሁ! ለመያዝ ቀናት የፈጀብኝን ለመርሳት እንዲህ ታግዬ አላውቅም። ቆይቶ ግን ዜማው መንገዳገድ ጀመረ። አንድ ቤት ላይ ደርሼ ስቆም ሁለት ቁጥር ይመጣልኛል፣ ከዚያ ሦስት። የቱ እንደሆነ ለማወቅ የቤቱን ደጅ፣ የሴትዮዋን ፊት ለማስታወስ እሞክራለሁ። ፊቷ ይመጣል፣ ቁጥሩ አይመጣም። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ካፒቴኑ ሁለተኛ ሲያስጠራኝ ወረቀትና እርሳስ ተዘጋጅቶልኛል። ጠርሙሱም እዚያው አለ፤ ትንሽ ጎድሏል።

«የመጀመሪያውን መንደር ተናገር ይላል።»

«ጠፍቶኛል።»

ከዚያ የሆነውን አልዘረዝረውም። ጠባቂዎቹ የሚያደርጉትን አደረጉ። በመሀሉ ዜማው በራሱ ከአፌ ወጣ፤ የመጀመሪያው ቤት፣ ሁለተኛው ቤት፤ ቁጥሩ ጋ ስደርስ ግን አራት አልኩ፣ አይደለም ስድስት አልኩ፣ የለም ሁለት ነበር መሰለኝ አልኩ፣ ተናድጄ መሬቱን በእጄ መታሁት። የገረፉኝን ረስቼ ለጠፋው ቁጥር ነበር የምበሳጨው። ካፒቴኑ ይህን ፊቴ ላይ አየ። እንዲህ ያለ ብስጭት ማስመሰል እንደማይቻል ገባው መሰለኝ፣ እጁን አንስቶ አስቆማቸው።

«ታዲያ ምን ታውቃለህ ይላል።»

«ቀመሩን።»

«ጻፈው ይላል።»

የተሳሳተ ቀመር መጻፍ እችል ነበር፤ የሚያውቅ የለም። አልፈለግኩም። ያ ቀመር የማንንም ቤት አይጠቁምም፣ የተማርኩትም የቀረኝም እሱ ብቻ ነው። በግራ እጄ ቀኝ አንጓዬን ያዝኩና ቀስ ብዬ፣ አሳምሬ ጻፍኩት። ጽፌ ስጨርስ ከወንበሩ ተነሳሁና ቆሜ አስረዳኋቸው። ይህ ፊደል የሰው ብዛት ነው፣ ይህ የታመመው፣ ይህ ትንኟ የምትኖርበት ዕድሜ ነው እያልኩ፣ ሳልቸኩል፣ ተማሪ ፊት እንደቆምኩ ሁሉ። አስተርጓሚው ከልቡ ይሰማ ነበር። አንዲት ነገር ሳይገባው ቀርቶ ከካፒቴኑ ፈቃድ ሳይጠይቅ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት።

ካፒቴኑ ወረቀቱን አንስቶ አገላበጠው። «ቁጥር የለበትም ይላል።»

«የለበትም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?»

«ያለ ቁጥር? ምንም» አልኩ።

ጠርሙሱን ወደ መሳቢያው ሲከተው አየሁት።

መጋዘን ስመለስ ሽማግሌው ተጋድመው ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር። ነጋዴው ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ያረጥባል።

«ሰጠኸው?» አሉኝ።

«ቀመሩን ብቻ ነው አባቴ።»

«እስቲ የኔን መንደር አዚምልኝ።»

አዜምኩላቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ፣ ሁለቱ ዋርካዎች ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«እኔ ቤት ስንት ሰው አደረ?» አሉ።

እውነተኛውን ቁጥር እዚያው መጋዘን ውስጥ ነግሬያቸው ነበር። እሱም ቢሆን ጠፍቶኝ ነበር። አምስት ይመጣልኛል፣ አራትም ይመጣልኛል።

«አላውቅም አባቴ።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው። አላውቅም።»

«እሰይ የኔ ልጅ» አሉ። እጃቸውን ፈልገው እጄ ላይ አደረጉት፤ ይፋጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አንድ ረፋድ ላይ፣ የንዳዱ ብርድ መምጫው ሲደርስ፣ ብርዱ ሳይመጣ እሳቸው ሄዱ። አስካሪዎቹ እግራቸውን ይዘው ሊጎትቷቸው ሲሉ ነጋዴው በሩ ላይ ቆመ። «እንዲህ አይወጡም» አለ። ነጭ ጀለብያውን አውልቆ መሬት ላይ ዘረጋው። ሁለታችን አጥበን በሱ ጠቀለልናቸውና እኔ ሰንሰለቴን እየጎተትኩ በራስጌያቸው፣ እሱ እርቃን ደረቱን በእግርጌያቸው ይዘን አወጣናቸው። ጸሎት የሚያደርስ ቄስ አላገኘንም። እኔ ከልጅነቴ የቀረኝን አልኩ፤ እሱም ዝም ብሎ በራሱ መንገድ እጁን ዘረጋ። ጠባቂዎቹ አልከለከሉንም። አንደኛው እንደውም ኮፍያውን አወለቀ።

ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በኩል የእንግሊዝ መድፍ መሰማት ሲጀምርና ጣሊያን ጓዙን ሲጭን በሩ ተከፍቶ ተገኘ፤ ወጣን። ነጋዴው ወደ ሱቁ፣ እኔ ወደ ጎንደር ሄድን።

ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ይህንኑ ነው። ቁጥርና ቀመር ማጋጠም። ሞዴል ይሉታል አሁን። ቆላውን ደግሜ ዞሬዋለሁ፣ ሌሎች ክረምቶች ቆጥሬያለሁ፣ የተማሪዎቼም ተማሪዎች ቆጥረዋል። ይሁን እንጂ አንድ ክረምት እንደ ሌላ ክረምት አይደለም፤ የዚያን ዓመት ንዳድ ማንም ተመልሶ ሊለካው አይችልም። ጭንቅላቴ ውስጥ ዜማው አሁንም አለ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሳላስበው ይጀምራል፤ ቤቶቹ በተራ ይመጣሉ፣ ደጆቹ ይመጣሉ፣ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ የነጋዴው ድምፅና የሽማግሌው ድምፅ ይሻሙበታል። የቱ የእኔ እንደሆነ አላውቅም። ያናድደኛል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ያናድደኛል።

ባለፈው አንዲት ጎበዝ ተመራማሪ ቤቴ ድረስ መጣች። የድሮውን የመተማ ሥራ ሰብስባ በኮምፒውተር እየሠራችበት ነው። እኔ የታሰርኩበት ያ ዓመት ባዶ መሆኑ አስቸግሯታል። «ፕሮፌሰር፣ ከፊቱ የሌሎች፣ ከኋላው የእርስዎ አለን እኮ» አለችኝ። «የጎደለውን ሞዴሉ ራሱ ሊገምተው ይችላል። ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ልሙላው?»

ልክ ነበረች። እኔው ነኝ ዘዴውን ያስተማርኳቸው። እንዲህ ያለውን ክፍተት ስንት ጊዜ በገዛ እጄ ሞልቼዋለሁ።

«አትሙዪው» አልኳት።

«ለምን?»

«በዚያ ክረምት በየቤቱ ስንት ሰው እንዳደረ የሚያውቅ የለም ብለሽ ጻፊ።»

እርሳሷን አንስታ ጠበቀችኝ፣ ቀሪውን የምነግራት መስሏት።